የአያት ስም (ግዴታ)

ታህሳስ 3 ቀን 2018፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የገዛሁት የክሊኒኩን ችግሮች ልመዘግብበት ነበር። የራሴ ችግር ቀድሞ ገባበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለው ድርጅታችን እዚህ ሆሳዕና ላለ የሚስዮን ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ሲስተም ሠርቷል። ድርጅታችን ስል የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የሚሠሩት ስብሰባ ነው። አለቃዬ ሚካኤል "የአገሩ ልጅ ነህ፣ ቋንቋውንም ታውቃለህ" ብሎ ላከኝ። የት አውቄው! በአማርኛ ነው ያደግሁት። ሀዲይኛዬ ሰላምታ ላይ ያልቃል፣ የእናቴ ከምባትኛ ደግሞ የሚገባኝ ስትቆጣኝ ብቻ ነው።

ቀነ ገደቡ ታህሳስ 27 ነው። ያን ቀን ካርድ ክፍሉ ይዘጋል፣ ለገና ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ይሆናል። ከዚያ እኔ ተመልሼ የቡድን መሪ እሆናለሁ። ሚካኤል በቃሉ ነው ያለኝ፣ በጽሑፍ አልሰጠኝም።

ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ወንዳፈረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ክፍሉ ሲዘጋ ጡረታ ይወጣሉ። ጊዜያቸው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ ግን ይወጣሉ። ይህ የክሊኒኩ ውሳኔ ነው እንጂ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ታህሳስ 6፣ ሰኞ

ካርድ ክፍሉን አየሁት። ወይ ጉድ! ከወለል እስከ ጣሪያ ካርድ ነው። ቁጥር አለው፣ ጋሽ ወንዳፈረው ግን በቁጥር አይፈልጉም። አንዲት ሴት መስኮቱ ላይ ስትደርስ አንገታቸውን ዘለግ አድርገው "ያቺ የቦኖሻዋ አይደለሽም? መንታዎቹ ደህና ናቸው?" ይሏታል፣ ይህን ሲሉ እጃቸው ካርዱ ላይ ደርሷል። በሰዓት ለካሁ። እሳቸው አስራ አንድ ሰከንድ፣ የእኔ ሲስተም አራት ሰከንድ። አሸነፍኩ። ሴትዮዋ ግን የእኔን ሲስተም ሰላም አላለችውም።

ሻይ ጋበዙኝ፣ ፎርሙን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ተደፉ።

"'የአያት ስም' ጎን ያለችው ቀይ ኮከብ ምንድን ናት?"

"ግዴታ ማለት ናት፣ ጋሼ። ካልተሞላ አያሳልፍም።"

"ልጅ ይዛ የመጣችን እናት የልጁን አያት አትጠይቃትም" አሉኝ።

ለምን ልል ስል መስኮቱ ተንኳኳ፣ ሄዱ። የሽማግሌ ነገር፣ ለሁሉም ነገር አንድ "አይሆንም" አይጠፋቸውም።

ታህሳስ 9፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ጀነሬተሩ ነዳጅ የለውም። ላፕቶፑ 14 ፐርሰንት። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ያደነዝዛል፣ በጓንት ኮድ አይጻፍ ነገር። ሚካኤል በቴሌግራም "እንዴት ነው?" አለኝ። "በጣም ጥሩ" አልኩት። ውሸታም።

ታህሳስ 13፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለት ጊዜ ተበሳጨሁ።

አንደኛው ጠዋት ከእናቴ ጋር። "ጋሻዬ፣ ስትመለስ የስንዴውን ይዘህ ና" አለችኝ። የስንዴው ማለት ዳቦ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ዳቦን "የስንዴው"፣ ዳገትን "ሽቅቡ" ስትል ነው የኖረችው። "እማዬ፣ አማርኛሽን አስተካክይ እንጂ፤ ዳ፣ ቦ" አልኳት። ታናሽ እህቴ ጣቢታ ሳቀች፣ እናቴ አልሳቀችም። ምን አስቆጣት?

ሁለተኛው ክሊኒክ። መዝጋቢዋ ዮርዳኖስ ምሳ ወጥታ የመመዝገቢያዋ መስኮት ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከሌሞ ገጠር የመጣች እናት ልጅ አዝላ ቆማለች። "የልጁ አያት ማን ይባላል?" ስላት ዝም። ደገምኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሦስተኛ ስጮህ ከኋላ አንዷ በሀዲይኛ የሆነ ነገር አለች፣ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋ በመጨረሻ አንድ ስም ሹክ አለችኝ፣ ሞላሁት፣ አለፈ። ዮርዳኖስ ስትመለስ ምን እንዳሉኝ ጠየቅኋት። መናገር አፈረች፣ ስጨቀጭቃት ግን ነገረችኝ።

"'ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ?' ነው ያሉህ።"

እናት አለኝ። የምትቆጣ እናት።

ታህሳስ 16፣ ሐሙስ

ዛሬ የፈረንጆቹ ገና ነው። የውጭ ደንበኞቻችን ሁሉ እረፍት ላይ ስለሆኑ ሚካኤል የሚጨቀጭቀው ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

የአሮጌዎቹን ካርዶች ጽሑፍ ታይፒስቶች ከመስከረም ጀምረው አስገብተው ጨርሰዋል፤ መስኮት ላይ የሚመጣውን ደግሞ ዮርዳኖስ ከኅዳር ጀምሮ በሙከራ እየመዘገበች ነው። ዛሬ ሁለቱን አስተያየሁ። ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ ሆኖ የአያታቸው ስም የሚለያይ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ሕፃናት ተገኙ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ኋላ ግን ሳስበው እዚህ አገር ማቴዎስና አሞጽ እንደ ድንች የበዛ ስም ነው። አያቱ ከተለያየ ሰውየው የተለያየ ነው። በሁለት መስመር ኮድ ዘጋሁት። የሚያምር ኮድ ነው፣ እውነቴን ነው።

ከሰዓት የቢሮው ፕሪንተር አልሠራ አለ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ሊሻን (መነኩሲት ናቸው፣ ነርስም ናቸው) "ከአንተ ላፕቶፕ አትምልኝ" ብለው አንድ ደብዳቤ ላኩልኝ። የጋሽ ወንዳፈረው የጡረታ ደብዳቤ ነው። ሦስት ኮፒ አተምኩ። ያዘዙኝን ነው የሠራሁት፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ጋሽ ወንዳፈረው ዛሬም ምሳ አብረን ካልበላን አሉኝ። ሆዴ ታሟል አልኳቸው።

ታህሳስ 17፣ ዓርብ

ሆዴ በእርግጥ ታመመ። እግዜር እንዲህ ቶሎ ይሰማል እንዴ?

ታህሳስ 20፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጻፈው፣ ጻፈው።

አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሆናትን ልጅ ይዛ መጣች፣ ልጅቷ ጆሮዋን ታማለች። ዮርዳኖስ ጠየቀቻት። አቢጋኤል። አባት አሞጽ። አያት? ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ "ሎምበሶ"። ሲስተሙ ፈለገ፣ አቢጋኤል አሞጽ ሎምበሶ የምትባል የለችም። አዲስ መዝገብ ከፈተ። ጤና መኮንኑ ዳኘ ስክሪኑን አየ። የማይስማማት መድኃኒት አለ አይልም፣ ባዶ ነው። አሞክሳሲሊን አዘዘላት።

እናትየው ወረቀቱን ይዛ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ስታልፍ ጋሽ ወንዳፈረው በመስኮታቸው አዩዋት። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፣ ሮጡ።

"ቆይ! ቆይ! ይቺ የአሞጽ ልጅ አይደለችም እንዴ? ምንድን ነው ያዘዛችሁላት?"

እጃቸው ላይ የድሮው ካርድ ነበር። አቢጋኤል አሞጽ ኤርሱሞ። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ፔኒሲሊን አይስማማትም" ተብሎ ተጽፏል። አምና ወስዳ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት በባጃጅ ነበር የመጣችው። አሞክሳሲሊንም ከዚያው ወገን ነው። ዳኘ ካርዱን ተቀብሎ አነበበ። "ያልጠየቅኋት ስክሪኑ ባዶ ነው ብሎኝ እኮ ነው" አለ።

ስክሪኑ ማለት እኔ ነኝ።

ሎምበሶ ማለት የእናትየው አባት ነው። አያት ተብላ ተጠየቀች፣ አያት ሰጠች። አልዋሸችም።

ልጅቷ ደህና ናት። ሌላ መድኃኒት ተሰጣት፣ ከረሜላ እየላሰች ወጣች። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ።

እዚያው ቀን፣ ከእራት በኋላ

እናቴን ጠየቅኋት። ቆጮ እየቆረጠች ነበር።

"እማዬ፣ አንዲት ሴት የልጇን አያት ስትጠየቅ የገዛ አባቷን ስም የምትሰጠው ለምንድን ነው?"

"ታዲያ የማንን ትስጥ? የአማቷን ስም ትጥራ?"

"ብትጠራ ምን አለበት?"

"ነውር ነዋ!" አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። "ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ መሰለህ? ስሙ የሚጀምርበትን ድምፅ የያዘውን ቃል ሁሉ ዘልላ ሌላ ትላለች። እኛ አገር፣ አንጋጫ፣ ባሊሻ ነው የሚባለው። የዛሬ ልጆች ትተውታል። እኔ አልተውኩትም፣ አማርኛዬም ውስጥ ገብቶ ቀረ።"

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ዳንታሞ ነበር ስማቸው።

ዳንታሞ። ዳቦ። ዳገት። እኔ ደግሞ አማርኛሽን አስተካክይ እላታለሁ! እህቴ ፊት! አይ እኔ፣ የተማርኩ ደንቆሮ።

ከዚያ ሌላው ነገር መጣብኝ። እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣብኝም? ስሜ ዳዊት ነው። ዳዊት ማቴዎስ ዳንታሞ።

"የእኔንስ ስም?" አልኳት።

እጇን ጠራረገች፣ ቆጮውን ሸፈነች። "ስምህን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ቄሱ ፊት ቆመው፣ ደስ ብሏቸው አወጡ። እኔ ምን ልበል? ጋሻዬ አልኩህ።"

ትምህርት ቤት ስትመጣ "የማቴዎስ ልጅ የታል?" ነበር የምትለው። ስልክ ስደውልላት "ጋሻዬ" ነው። ስታቆላምጠኝ ነው ብዬ ኖርኩ። ማቆላመጥም ነው፣ አይደለም አልልም። ግን አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ እኔም አንድም ቀን ልብ አላልኩም። አለቀስኩ። ጣቢታ "ምን ሆነ?" ስትል እናቴ "ሚጥሚጣው ነው" አለቻት።

ታህሳስ 21፣ ማክሰኞ

በጠዋት ጋሽ ወንዳፈረው ዘንድ ሄድኩ። ሁለት መቶ አስራ ሁለቱን ዝርዝር ሰጠኋቸው። በሁለት መስመር ኮድ እንደዘጋሁትም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ። "ነግሬህ ነበር እኮ።"

"ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ጋሼ።"

"አልጠየቅኸኝማ! መስኮቱ ተንኳኳ፣ ሄድኩ፤ ስመለስ ሄደሃል። በማግስቱም አልመጣህ።"

እውነታቸውን ነው።

እሳቸው እንዴት እንደሚያደርጉ አሳዩኝ። እናትየውን ስም አይጠይቋትም። "ከየት ነሽ? ከወንዙ ወዲህ ነሽ ወዲያ?" ይላሉ። ከዚያ ራሳቸው ስሙን ይጠሩላታል። "የኤርሱሞ ቤት ነሽ?" እሷ አትመልስም፣ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች። በቃ። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው። እሷ አትጠራም፣ ሌላ ሰው ይጠራላታል።

ዝርዝሩን ይዘው ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሦስቱን ለዩ፤ አርባ አንዱ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ የተመዘገበበት ነው። ሁለቱ ብቻ ናቸው የእውነት የተለያዩ ልጆች።

ምሳ አብረን በላን።

ታህሳስ 23፣ ሐሙስ

ለሚካኤል ደወልኩ። አንድ በአንድ ነገርኩት።

"ቀይ ኮከቧን አንሳትና ክፈተው" አለኝ። "ግዴታ አታድርገው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"የአያት ስም ባዶ ከሆነ ሁሉም ይደባለቃል። ትዕግስት ማቴዎስ ብቻ አስራ አራት አሉን።"

"ዳዊት፣ ስማኝ። ሰኞ ካልተከፈተ የቡድን መሪነቱን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። ከተከፈተ በኋላ ታስተካክለዋለህ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው።"

ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። እኔም እስከ ሰኞ ድረስ እንደዚያ ነበር የምሠራው።

ታህሳስ 25፣ ቅዳሜ

ኮከቧን አነሳሁ። መለስኳት። አነሳሁ። መለስኳት።

ሻሸመኔ መንገድ ላይ የበግ ገበያው ደርቷል፣ ጋሪዎቹ ከሌሞ በግና እንሰት ጭነው ይገባሉ። ጣቢታ ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየተለማመደች ጆሮዬን በላችው። ሁሉም ሰው ገና ላይ ነው። እኔ አንዲት ኮከብ ላይ ቆሜያለሁ።

የድሮውን የሥራ ሐሳብ፣ ሰኔ ላይ ለክሊኒኩ የጻፍነውን፣ አውጥቼ አነበብኩት። ገጽ አራት፤ "የካርድ ክፍል የሰው ኃይል፦ ከአንድ ወደ ዜሮ።" ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማን ነው? ክሊኒኩ አይደለም። ሚካኤልም አይደለም።

ታህሳስ 27፣ ሰኞ

ስብሰባው አለቀ።

ሲስተር ሊሻን፣ ዳኘ፣ ዮርዳኖስ ነበሩ። ጋሽ ወንዳፈረውም ይጠሩልኝ አልኩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው መጡ። ለስንብት ነው የለበሱት።

ያሰብኩትን አማርኛ ሁሉ ረሳሁት። "አይከፈትም" ብዬ ጀመርኩ። ስለ አቢጋኤል፣ ስለ ሁለት መቶ አስራ ሁለቱ ተናገርኩ። ከዚያ ገጽ አራትን አነበብኩ። "ከአንድ ወደ ዜሮ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ወንዳፈረውን ሳላያቸው፣ አዲስ አበባ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ተሳስቻለሁ። እሳቸው ከወጡ ይህ ሲስተም የሰውን ልጅ ይገድላል።"

ሲስተር ሊሻን የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እያዟዟሩ ነበር።

"ጋሽ ወንዳፈረው፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉ።

"ዛሬ ነው የጠየቃችሁኝ" አሉ ጋሽ ወንዳፈረው። ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። "እኔ ኮምፒውተር አልጠላም። ጉልበቴ መሰላል መውጣት ከተወ ቆይቷል። ካርዶቹን ካስገባችሁ እኔንም አስገቡኝ። የማውቀውን ሁሉ ለዚህ ልጅ ልንገረው፣ እሱ ይጻፈው። ሁለት ዓመት ይበቃናል።"

"ሁለት ዓመት!" አለ ዳኘ።

"ሰው ብዙ ነዋ" አሉት።

ሲስተር ሊሻን ወደ እኔ ዞሩ። "ደብዳቤውን ያተምኸው አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አንተው ቅደደው።"

ሦስቱንም ኮፒ ቀደድኩ። ጋሽ ወንዳፈረው ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱና ሰው ይጠብቀኛል ብለው ወጡ።

ታህሳስ 29፣ ገና

እናቴን ለቅዳሴ ይዣት ሄድኩ። ጣቢታ ዘመረች፣ እውነትም ጥሩ ድምፅ አላት። ዶሮ፣ ክትፎ፣ ቆጮ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ የስንዴውን ባረከ። እኔም የስንዴውን አቀብሉኝ አልኩ፣ እናቴ በሳቅ ትን አላት።

ሚካኤል አልከፈትኩም ላልኩት መልስ ላከ። የቡድን መሪነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። "አንተ እንግዲህ እስኪሠራ ድረስ እዚያው ሁን" ይላል። ሊቀጣኝ ነው መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ ደስ አለኝ።

ጥር 1፣ ዓርብ

አዲሱ ፎርም ተጠናቀቀ። እናት ስትመጣ የአያት ስም የሚጻፍበት ሳጥን የለም። ቀበሌዋን ስትናገር የዚያ ቀበሌ የአባት ወገን አያቶች ስም ተራ በተራ ይወጣል፤ መዝጋቢው ጮክ ብሎ ያነባል። አንድ ቁልፍ አለች፣ "ዓይኗን ሰበረች" የምትል። ሚካኤል ይህን ቢያይ ያብዳል። ጋሽ ወንዳፈረው ቁልፏን ሲያዩ "ትንሽ ትልቅ አድርጋት" አሉኝ፣ ሌላ ነቀፋ አልነበራቸውም።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጋሽ ወንዳፈረው ስልክ ደወሉ። የአጎታቸው ልጅ አርፏል፣ ሆመቾ ከተማ ለቅሶ ሊሄዱ ነው። "ዛሬ መስኮቱ ላይ አንተ ነህ" አሉኝ። ዮርዳኖስም ፈቃድ ላይ ናት። ጨነቀኝ።

እስከ አራት ሰዓት ደህና ሄደ። ከዚያ አንዲት ጠና ያሉ እናት የመጨረሻ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ቀበሌያቸውን ነገሩኝ። በተሰባበረ ሀዲይኛ ሰላም አልኳቸው፣ ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ። ሀንዲሶ? የለም። ላፌቦ? የለም። ሎምበሶ? የለም። ዝርዝሩ አለቀ። እናትየው ቆመው ያዩኛል።

እንደ ዱሮዬ ብሆን ጮክ ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ራሴን በመስኮቱ አወጣሁና ሰልፉን "እባካችሁ እርዱኝ፣ የእሳቸውን አማት የሚያውቅ አለ?" አልኩ።

አገር ተንቀሳቀሰ በሉ! አንዱ "ከወዲህኛው ቤት ናቸው?" ይላል፣ ሌላዋ "የለም፣ ከላይኛው!" ትላለች። ስም ከዚህም ከዚያም ይጠራል፣ እናትየው ራሳቸውን እየነቀነቁ "የለም፣ የለም" ይላሉ፣ በነጠላቸው ተሸፍነው ይስቃሉ። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ በከዘራ የቆሙ አንድ አባት "ኤርጎጌ!" አሉ።

እናትየው ሳቃቸውን አቆሙ። መሬት መሬት አዩ።

በስሙ ፈለግሁት፤ ቀበሌው ያልተጻፈበት አሮጌ ካርድ ወጣ፣ ቁልፏን ተጫንኩ። ልጁ ሁለት መዝገብ ነበረው፣ ሁለቱ አንድ ሆኑ። አንድ ሲሆኑ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ያመለጠው የኩፍኝ ክትባት ቀይ ሆኖ ወጣ። እናትና ልጅ ወደ ክትባት ክፍሉ ሄዱ፣ ልጁ ሲያለቅስ እስከ መስኮቱ ተሰማኝ። እንዲህ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ወንዳፈረው ከሆመቾ ደወሉ። ከኋላቸው የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል።

"ስንት ሰው መለስክ?"

"ማንንም አልመለስኩም፣ ጋሼ።"

"ማንንም?"

"ማንንም።"

ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "እንግዲያው ሠልስቱን ተቀምጬ ልምጣ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የዘመድ ለቅሶ ላይ ሠልስት ውዬ አላውቅም።"